የጋሽ ይርጋ ስንዝር

ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ካለ አንድ ጁስ ቤት ውስጥ አራት ሙሉ ወንዶች በአሻንጉሊት ሲጫወቱ አየሁ። አንዱ ባንክ ይሠራል። አንዱ መሐንዲስ ነኝ ይላል፤ የሠራው ድልድይ ማንንም ሲያሻግር ግን እስካሁን አላየሁም። ሦስተኛው ባለ ትዳር ነው፤ ሚስቱ ያን ሰዓት ከገበያ ሽንኩርት ተሸክማ ስትመለስ በዐይኔ አይቻታለሁ። አራተኛው የእኅቴ ልጅ ዮናስ ነው። እሱን ምን ልበለው፤ ሥጋ ነው፣ አይጣል።

ሁለት ጠረጴዛ ገጥመው አረንጓዴ ጨርቅ አልብሰዋል። በላዩ ላይ የአውራ ጣት ቁመት ያላቸው የፕላስቲክ ወታደሮች ተሰልፈዋል፤ ባለ ጠመንጃ፣ ባለ ጎራዴ፣ ባለ ፈረስ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ለዮናስ ካርቶን ሙሉ ልኮለት ነው አሉ። እያንዳንዱን በቀጭን ብሩሽ ቀለም ቀብተውታል። «የዚህን ወታደር ዐይን ብቻ ለመቀባት ሁለት ቀን ፈጀብኝ» አለኝ ዮናስ እየኮራ። የእናቱ የጓሮ በር ማጠፊያው ከወለቀ ዓመት አልፎታል፤ በገመድ ነው የሚታሰረው። ለበሩ ሁለት ቀን አልተገኘለትም።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ! አቮካዶ ይጠጡ። ይህ ጨዋታ እንኳ በእናንተ ዘመን አልነበረም» አለ ቀጥሎ።

«ጦርነት ያነሰን ይመስል!» አልሁ፤ ተቀመጥሁ ግን። የሰው ሞኝነት በነጻ ሲታይ አልጠላም።

ባንክ የሚሠራው ልጅ ከኪሱ ሜትር መዘዘ። ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ከአንዱ ፈረስ እግር እስከ አንዱ ወታደር እግር ለካ። «አልደረሰም። ሩብ ኢንች ይቀረዋል» አለ። የፈረሱ ባለቤት መሐንዲሱ «ደርሷል! ሜትሩን አጥፈኸው ነው!» ብሎ ጮኸ። አቮካዶዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። በእናንተ ዘመን አልነበረም ይለኛል! ነበር እንጂ። ከነሙሉ ቂልነቱ ነበር። ያልነበረን ሜትር ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ቡሬ ነበርሁ፤ ዐሥረኛ ክፍል። ሦስት ጓደኛሞች ነበርን፤ ጋሻው፣ ይሁኔና እኔ ወንድምዓለም።

ጋሻው የእህልና የበርበሬ ነጋዴው የጋሽ ይርጋ ልጅ ነው። ረዥም፣ ጣተ ረዥም፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ድምፁ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ልጅ ነበር። አፍንጫውን ለማከክ እንኳ ተመልካች ይፈልጋል። ሒሳብ ከእኔ ይቀዳ ነበር፤ ቀድቶም ይሳሳት ነበር። ሲሳሳት ደግሞ ጥፋቱ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ይሁኔ የሦስት ሰዓት መንገድ ከሚያስኬድ ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ጋሽ ይርጋ ክርስትና ያነሡት ልጅ ስለሆነ ከመጋዘናቸው ጓዳ አንዲት መደብ ሰጥተውት ያለ ኪራይ ይኖር ነበር። በየሳምንቱ እሑድ ከቤቱ የዳጉሳ እንጀራና በቅል የተሞላ ድልህ ተሸክሞ ይመጣል። ያች ድልህ! ዐይን ታስነባለች፣ እጅ ታስቆረጥማለች። ጋሻው የቤቱን ዶሮ ወጥ ትቶ ከይሁኔ ጋር በድልህ ይበላል፤ እየበላም «የባላገር ምግብ» ይላታል። ይሁኔ ዝም ብሎ ይቆርስለታል። መደቢቱ ለይሁኔ ትምህርቱ ነበረች። ቤት መከራየት የቤተሰቡ አቅም አይደለም፤ መደቧ ከሌለች ቡሬ የለም፣ ቡሬ ከሌለ ደብተር የለም። ይህን እኔም ጋሻውም በደንብ እናውቅ ነበር።

እኔ ደግሞ የአስተማሪ ልጅ፣ እንግሊዝኛ አነባለሁ ባይ፣ በዚህም ምክንያት ሰውን ሁሉ የምንቅ ነበርሁ። ንቀቱ እስካሁን አብሮኝ አለ። የጠፋው እንግሊዝኛው ነው።

የጥፋቱ መነሻም እኔው ነኝ። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሽፋኑ የተቀደደ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁ። ውስጡ ጺማም ፈረንጆች ኮታቸውን አውልቀው፣ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው፣ ትንንሽ ወታደር ሲያዋጉ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ከሥዕሉ ሥር የጨዋታው ሕግ ተጽፏል። እኔ እያነበብሁ ለሁለቱ ተረጐምሁላቸው። ግማሹ አልገባኝም፤ የገባኝ ግማሽ ደግሞ ተሳስቶ ነው የገባኝ። ግን «ይችን አላወቅኋትም» ማለት በዚያ ዕድሜ የሚያስሞት ይመስለኝ ነበር።

ጭቃውን ከወንዝ ዳር አመጣን። ይሁኔ እጀ ወርቅ ነበር፤ እሱ የሠራው ወታደር ቀበቶ ይታጠቃል፣ ጋሻ ይይዛል፣ ፊቱ ላይ እንኳ አንዳች ሐሳብ አለበት። የእኔ ወታደሮች ካሮት ይመስላሉ። የጋሻው ፈረሶች ውሻ ይመስላሉ፤ እሱ ግን «እየሮጡ ስለሆነ ነው» ይላል። በፍም ውስጥ ቀብረን ጠበስናቸው። ሲሶው ተሰነጠቀ፤ የተሰነጠቀውን ቁስለኛ ብለን አሰለፍነው። የዶሮ ላባ ሰንደቅ ዓላማ ሆነ። ዛሬ ሳስበው፣ ሦስት ጤነኛ ወንድ ልጅ መከር በሚሰበሰብበት ወር ፍም ዙሪያ ቁጭ ብሎ ጭቃ ሲያገላብጥ ያየ ገበሬ ምን ይል ኖሯል? ብሏልም። ዐልፎ ሂያጁ ሁሉ «አይ ተማሪ!» እያለ ነበር የሚያልፈን።

ጦር ሜዳችን በመጋዘኑ ውስጥ በርበሬ የሚለቀምበት ሰፊ ጣውላ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ የቡሬ በርበሬ ሲገባ እዚያ መጋዘን ውስጥ መተንፈስ ራሱ ሙያ ይጠይቃል። ጆንያው እስከ ጣራ ይከመራል፤ አየሩ ይቀላል፤ ጉሮሮ ይከረከራል። ጋሻው ባስነጠሰ ቁጥር ሁለት ሦስት ወታደር ይወድቃል። ከዚያ ሙግት ነው። በማስነጠስ የወደቀ ወታደር ሞተ ይባላል ወይስ አይባልም ስንል አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ጨርሰናል። ጋሻው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ምርኩዝ የመሰለ እንጨት እያወዛወዘ፣ «በሕግ አምላክ!» ይላል። እኔም «በሕግ አምላክ!» እላለሁ። የጎጃም ልጅ ጨዋታ እንዲህ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ተዋግቶ ሦስት ሰዓት ይሟገታል። ጺማሞቹ ፈረንጆች ቢያዩን መጽሐፋቸውን ይቀሙን ነበር።

ሕጋችን ቀላል ነበር። እግረኛ በአንድ ተራ አንድ ስንዝር ይሄዳል፤ ፈረስ ሁለት። ተኩሱ አተር በጣት ማስፈንጠር ነው፤ አተሩ የጣለው ሞተ። መጽሐፉ የሚለው ኢንች ነበር። ኢንች ምን ያህል እንደሆነ ስላላወቅሁ «ስንዝር ማለት ነው» ብዬ በሙሉ ልብ ተረጐምሁ። ታዲያ የማን ስንዝር? የጋሻው ጣት አለንጋ ነው። የሱ ፈረሶች በሁለት ተራ ጣውላውን አቋርጠው ጉያዬ ሲገቡ የእኔ ካሮቶች ገና ከሰፈራቸው አልወጡም።

«እግዜር የሰጠኝን እጅ ልቁረጠው?» ይለኛል እየሳቀ።

በመጨረሻ ጩኸቱ ጋሽ ይርጋን ሰለቻቸው። ጋሽ ይርጋ ወፈር ያሉ፣ ቀልድ የሚወዱ፣ በሚዛናቸው የሚኮሩ ሰው ነበሩ። ገበሬው «የይርጋ ሚዛን አይዋሽም» ይል ነበር፤ ከሸንዲም ከቋሪትም አህያውን ጭኖ፣ ሌላውን መጋዘን ሁሉ አልፎ እሳቸው ዘንድ የሚመጣው በዚች ቃል ነው። እየሳቁ ገቡና ቀኝ እጃቸውን ጣውላው ላይ ዘረጉልን።

«በሉ፣ የኔን ውሰዱ። እኔ ለማንም አላደላ» አሉ።

ይሁኔ ሸምበቆ አምጥቶ በሳቸው ስንዝር ልክ ቆረጠ። ከጋሻው ስንዝርም ጋር እኩል ሆነች፤ ልጁ ካባቱ የወረሰው ነገር ቢኖር ያችን ስንዝር ብቻ ነው። ያን ቀን ሸምበቆዋ «የጋሽ ይርጋ ስንዝር» የሚል ስም ወጣላት። ከይሁኔ መደብ በላይ ሚስማር ላይ ተሰቀለች፤ ጠባቂዋም የጨዋታው ዳኛም ይሁኔ ሆነ። ለዳኝነት የመረጥነው ለሐቁ ብለን አልነበረም። ሁለት ወገን በሚዋጋበት ጨዋታ ሦስተኛ ሰው ስለ ተረፈብን ነው።

ስንዝሩ እኩል ሆነ፤ እኔ መሸነፌን አልተውሁም። ለካ ነገሩ የጋሻው እጅ አልነበረም። ጋሻው፣ ያ ሒሳብ የማያውቅ ጉረኛ፣ ጦር መምራት ያውቅበት ነበር። ይህን ማመን ከሽንፈቱ የበለጠ ያንገበግበኝ ጀመር።

ከጥምቀት በፊት ባለው ቅዳሜ ታላቅ ውጊያ እንዲሆን ቀጠርን። የተሸነፈ እስከ ፋሲካ ድረስ አሸናፊውን በጠዋቱ ሰልፍ ላይ፣ በተማሪ ሁሉ ፊት፣ «ጄኔራል» ብሎ እንዲጠራ ተወራረድን። ጋሻውን ጄኔራል ማለት! ከዚህስ ሞት ይሻለኛል ብዬ አሰብሁ። ሞት ግን አልቀናኝም፤ ምላጭ አነሣሁ።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ይሁኔ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ሄዷል ብዬ መጋዘኑ ገባሁ። ሸምበቆዋን ከሚስማሩ አወረድሁ፤ ከጫፏ አንድ ጣት ያህል ቆረጥሁ። አዲሱ ጫፍ እንዳይነጣ በበርበሬ ብናኝና በአቧራ አሸሁት። ይህን ማን አስተማረኝ? ማንም። ሌብነት ትምህርት ቤት አይፈልግም። እኔ ምሽግ ይዤ የምከላከል ነኝ፤ ጋሻው በፈረስ የሚያጠቃ። ስንዝር ካጠረ የሱ ፈረስ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የኔ አተር ግን በስንዝር አይለካም። ብልጠቴን እያደነቅሁ ስወጣ ከጆንያው ክምር ኋላ ኮሽታ ሰማሁ። አይጥ ነው ብዬ አለፍሁ።

የገበያ ቀን ነበር። መጋዘኑ በር ላይ ጋሽ ይርጋ እህል ይመዝናሉ፤ ስድስት ሰባት ገበሬ ጆንያውን አውርዶ ተራ ይጠብቃል። እኛ ከውስጥ ጦርነት ከፈትን። ምሽጌ የታጠፈ ጆንያ ነው፤ ካሮቶቼ ከላዩ ቆመዋል። የጋሻው ውሾች መጡ። በፊት በሁለት ተራ የሚደርሱት ያን ቀን በሁለት ተራ አልደረሱም። ምሽጌ ሥር ሊደርሱ ጥቂት ቀርቷቸው ቆሙ። እኔ አተር አስፈነጥራለሁ። ጧ! አንድ ፈረስ። ጧ! ሌላ። በሕይወቴ እንደዚያች ሩብ ሰዓት የተደሰትሁባት ጊዜ ጥቂት ነው፤ መናገሩ ያሳፍራል እንጂ እውነቱ ይህ ነው። ይሁኔ ሸምበቆዋን ይዞ ይለካል፤ ቃል አይናገርም፤ ወደ እኔም አያይም። አላስተዋልሁትም።

ጋሻው ፈረሱ ሲያልቅበት ላብ አጠመቀው። ድንገት ሸምበቆዋን ከይሁኔ እጅ ነጠቀና ስንዝሩን አጠገቧ ዘረጋ። ጣቱ አልፏት ሄደ። ያ የማይመጠን ድምፁ መጋዘኑን ሞላው።

«ሌባ! የጋሽ ይርጋ ስንዝር ተቆርጧል! መለኪያው ተቆርጧል!»

ከበሩ ላይ ያሉት ገበሬዎች ሁሉ ዞሩ። ጋሽ ይርጋ ሚዛኑን እንደያዙ ደረቁ። አንድ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ጆንያቸውን ቀስ ብለው ከሚዛኑ አወረዱና አህያቸው ላይ መልሰው መጫን ጀመሩ።

«ምነው አባ፣ የልጆች ጨዋታ ነው እኮ! የጭቃ ወታደር ነው!» አሉ ጋሽ ይርጋ።

«አዎ፣ ጨዋታ ነው» አሉ ሽማግሌው ገመዱን እያጠበቁ። «እንግዲህ የገዛ ልጅ ከመሰከረ ሌላ ምስክር ምን ያደርጋል?»

ሄዱ። ሌሎች ሁለት ገበሬዎችም ተከተሏቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ የይርጋ ስንዝር ተቆርጧል የሚለው ወሬ ከእህል ተራ ከብት ተራ፣ ከከብት ተራ ጠላ ቤት ደረሰ። ጭቃውን፣ ፈረሱንና አተሩን ማንም አላወራም፤ የተወራው መለኪያ መቆረጡ ብቻ ነው። የጋሽ ይርጋ ሳቅ ያን ቀን ጠፋ። ቁጭ ብለው እጃቸውን ሲያዩት ትዝ ይለኛል።

በእኛ አገር አንድ ነገር ጠፍቶ ያጠፋው ካልታወቀ አውጫጭኝ ይቀመጣል። ሁሉም በተራው ይምላል። መሐላውም ሁለት ነው፤ አንደኛው «አላደረግሁም»፣ ሁለተኛው «ያደረገውንም አላውቅም»። ለሸምበቆ ቁራጭ አውጫጭኝ ተቀምጦ አያውቅም፤ ጋሽ ይርጋ ግን ስማቸውን በገበያው ፊት ማጠብ ነበረባቸው። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁለት ሽማግሌ ጠርተው፣ ሦስታችንን ደጀ ሰላሙ ላይ አቆሙን። አባቴም መጣ። ከቅዳሴ የወጣው ሰው ነጠላውን እያጣፋ ዙሪያውን ከበበ። ሽማግሌዎቹን ዐውቃቸው ነበር፤ አንደኛው እንደ ጥቁር ደመና የከበዱ፣ ለአንድ ምልጃ ግማሽ ቀን የሚፈጁ ሰው ነበሩ። ለኛ ግን አጠር አደረጉት።

በዕድሜ ነበር ተራው። ጋሻው የበሩን ቀለበት ይዞ እንደ አዋጅ ነጋሪ ጮኾ ማለ። ቀጥሎ እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ብዙ ምክንያት መደርደር እችላለሁ። አባቴ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ነገሩ ሸምበቆ ነበር። ሁሉም ውኃ አያነሣም። ቀለበቱን ያዝሁና፣ «ይህን አላደረግሁም፤ ያደረገውንም አላውቅም። ዋሽቼ እንደሆነ እንደ ጨው ያሟሟኝ፣ እንደ ጢስ ያብንነኝ» አልሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም ጥርት ብሎ ወጣ፤ አባቴ ራሱን ነቀነቀ፣ ደስ ብሎት።

ይሁኔ ቀረበ። ቀለበቱን ያዘ። «ይህን አላደረግሁም» አለ። ከዚያ ቆመ።

«ጨርስ እንጂ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

ይሁኔ ቀለበቱን አጥብቆ ያዘ።

«ያደረገውንም አላውቅም በል!»

«የኔ ይህችው ናት» አለ ይሁኔ። ቀለበቱን ለቀቀ። ወደ እኔ ዞር አላለም። እንዳያየኝ አንገቱን አጥብቆ ሲይዝ ነው ያ ኮሽታ አይጥ እንዳልነበረ የገባኝ።

ሰዉ ጉም ጉም አለ። ሸምበቆዋ ከማን መደብ በላይ ነበር የምትንጠለጠለው? ማን ነበር ጠባቂዋ? ለማን ነው መሐላው ጉሮሮ ላይ የቆመው? ለሰዉ ይህ ይበቃዋል። ጋሽ ይርጋ እንባቸው መጣ፤ ክርስትና ያነሡት ልጅ ነው። «ግማሽ መሐላ ምን ይባላል ይሁኔ? ጨርስልኝ፣ በሞቴ» አሉት። አልጨረሰም። ገበያው ደግሞ የሚታይ ቅጣት ይፈልግ ነበር። «እንግዲያው ከቤቴ ውጣ» አሉ።

ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ ደብተሮቹን በፌስታል አሥሮ፣ ባዶ ቅሉን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ሲወጣ ተከተልሁት። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ድልድይ ላይ ደረስሁበት። መንገዱ የጥር አቧራ ነው፤ የታጨደው የጤፍ ማሳ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ከሩቅ አውድማ ላይ በሬ የሚያበራዩ ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

«አይተኸኛል» አልሁት።

«ነጠላዬን ረስቼ ተመልሼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርህም?»

ቆመ። «ልናገር ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ግን አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁህ። አንተ በሩን ይዘህ ማልህ። ከዚያ ወዲያ ብናገር፣ አንተ ሸምበቆ የቆረጥህ ብቻ አይደለህም፤ አባትህ ፊት፣ በእግዜር ደጅ የዋሸህ ነህ። በዚህ አገር ከዚህ በኋላ ማን ያምንሃል? እኔ ደግሞ አላውቅም ብዬ አልምል፤ አውቃለሁ። ምን አባቴ ላድርግ?»

«እንመለስ። እነግራቸዋለሁ» አልሁ።

«መንገዱ ያውልህ» አለ፤ ወደ ከተማው በአገጩ እያሳየኝ። «ሂድ ንገራቸው። እኔ እዚህ እጠብቅሃለሁ።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ቆምሁ። ከተማው ይታያል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ይታያል፤ የጋሽ ይርጋ ቆርቆሮ ይታያል። ሩብ ሰዓት አያስኬድም። እግሬ አልተነሣም። አንድ ገበሬ በቅሎውን እየነዳ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎን አለፈ። ይሁኔ መለሰለት። ከዚያ ተነሣ፤ ቅሉን አስተካከለ።

«ንቄሃለሁ፣ ወንድምዓለም» አለኝ። ቁጣ የለበትም። የተረዳውን ነገር ነው የነገረኝ። «ደግሞ እንዳትከተለኝ።»

ከዚያ በኋላ ሰው ስንቁን ቋጥሮ በሳምንት አንድ ቀን የሚሄደውን መንገድ ይሁኔ በየቀኑ ይሄደው ጀመር። ሦስት ሰዓት መምጫ፣ ሦስት ሰዓት መመለሻ። ክፍል ውስጥ ይደርሳል፣ እግሩ አቧራ ለብሶ፤ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። አስተማሪዎቹ ይገሥጹታል። እኔ ከኋላው ተቀምጬ ማጅራቱን አያለሁ። ግንቦት ላይ ዝናቡ ቀድሞ ጣለ፤ መንገዱ ላይ ያለችው ወንዝ ሞላች፤ እርሻም ደረሰ። አንድ ሰኞ ቀረ። ማክሰኞም ቀረ። ለፈተናው አልተቀመጠም።

ጋሻውና እኔ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫወትን። ዳኛ የለም፤ የተሰበረ ወታደር የሚተካልን የለም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተቧቀስን፤ የቀሩትን ጭቃዎች እሱ በእግሩ ደፈጠጣቸው። እስከ ፋሲካ ጄኔራል ያለኝም የለም፤ ያልሁትም የለም። ይኸው ነው የጦርነታችን ታሪክ።

እኔ ተማርሁ። አስተማሪ ሆንሁ፤ ሠላሳ ዓመት ልጆችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያልሁ አስተማርሁ። አፌን ሞልቼ ነው ታዲያ! ሁለት ጊዜ ለጋሽ ይርጋ ልናገር ብዬ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ድረስ በሚኒባስ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጠላቸውን ጠጥቼ፣ ስለ በርበሬ ዋጋና ስለ ወገባቸው ሕመም አውርቼ፣ መርቀውኝ ተመለስሁ። ሲሞቱ ለቅሶ ሄድሁ። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ስቆረጥም ይሁኔ ገባ፤ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ልጅ አባቱን እንደሚያለቅስ እያለቀሰ። ከቤታቸው ላስወጡት ሰው! ለቅሶውን ሲጨርስ በየተራ እጅ ነሣ፤ እኔ ዘንድ ሲደርስም «ልጆች ደኅና ናቸው?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁት። ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ዛሬ በዚያ አገር የወሰን ጠብ ሲነሣ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ይሁኔ ነው የሚጠራው ይላሉ። እሱ ካለ ማንም ሰው ማል አይባልም ይላሉ። ሰው በዚያ በኩል ለሽምግልና ሲጠራኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሁኔ አለበት ወይ ብዬ ነው። ካለበት ወገቤን ያመኛል።

በሕይወቴ ብዙ ሰው ንቄአለሁ። ጋሻውን ንቄአለሁ፤ ዛሬም ትልቅ ከተማ ውስጥ ትልቅ ቢሮ ይዞ ስልክ ሲያነሣ ይጮኻል አሉ። መሐንዲሱን፣ ባንከኛውን፣ ሥጋዬን ዮናስን ንቄአለሁ። አንዱም ንቀቴ ግን እንደ ይሁኔ ንቀት የሰውን እግር ድልድይ ላይ ያስቀረ አይመስለኝም። ራሴ እስክናቅ ድረስ ንቀት እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም ነበር።

ጁስ ቤቱ ውስጥ ጩኸቱ ገደቡን አለፈ። መሐንዲሱ ቆሞ ነበር፤ ባንከኛው ሜትሩን በአየር ላይ ያወዛውዛል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን!» አለኝ ዮናስ። «በማርያም! ደርሷል ወይስ አልደረሰም?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ የሽማግሌ ቃል ሊሰሙ። ተነሣሁና ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁ፤ ይህን ስጽፍ ሦስተኛ ቀኔ ነው። በቃል የመናገሩን ነገር ዐውቀዋለሁ፤ እግሬ አይነሣም። ጽሑፍ ግን እግር አይፈልግም። ሸምበቆዋን የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ የማልሁት በሐሰት ነው፤ ይሁኔ ምንም አላደረገም።

ከታተመ፣ ይሁኔ እጅ ይግባ አይግባ አላውቅም። ቢገባ ግን ማንም እንዲያነብለት አያስፈልግም። ማንበብ ይችላል፤ ዐሥረኛ ክፍል ደርሶ ነበር።